ፋይሉ አለ፣ ፈላጊው ግን አያገኘውም

አዳማ፣ ሞጆ ወይም ሻሸመኔ ያለ ተማሪ የመማሪያ መጽሐፍ በስልኩ ካለው ለጓደኛው ለመስጠት ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ይልክለታል። የሚቸግረው መፈለጉ ነው። የሚፈልገው ፋይል ከኋላው በተቀመጠው ልጅ ስልክ ውስጥ ቢኖር እንኳ ማን ዘንድ እንዳለ የሚነግረው የለም። ማዕከል የሌላቸው፣ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር በቀጥታ የሚለዋወጥባቸው ኔትወርኮች ከጅምራቸው የታገሉት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው። ግማሹን መልስ ሌሎች አግኝተውታል፤ የቀረው የእኛ የቤት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ናፕስተር የተባለ የፋይል መለዋወጫ ፋይሎቹን በተጠቃሚዎች ኮምፒውተር፣ ዝርዝራቸውን ግን በራሱ ሰርቨር ላይ አኖረ፤ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲዘጋ ሁሉም ነገር አብሮ ቆመ። ኑቴላ የተባለው ኔትወርክ ዝርዝሩን ትቶ ጥያቄው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እንዲተላለፍ ቢያደርግም ተጠቃሚው ሲበዛ መስመሩ በጥያቄ ተጨናነቀ። በ2001 ኮርድ፣ በ2002 ደግሞ ካደምሊያ የተባሉት ዘዴዎች የተሻለ መንገድ አመጡ። የሚፈለገው ስም በቀመር ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ የራሱ መለያ ቁጥር ለዚያ ቁጥር የሚቀርበው ኮምፒውተርም ፋይሉ የት እንዳለ ይመዘግባል። አንድ ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ባሉበት ኔትወርክ በሃያ ያህል እርምጃ ይደረስበታል።

ይህ ቀመር ግን አንዲት ፊደል ስትለወጥ ፍጹም ሌላ ቁጥር ያወጣል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ኔትወርኩ ግን ወደ አራት የተለያዩ ቦታዎች ይልካቸዋል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ አዳማን ናዝሬት፣ ባቱን ዝዋይ፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት የሚል ብዙ ነው፤ የአፋን ኦሮሞው ሰነድም በላቲን ፊደል ይመዘገባል። ስለዚህ ስሙ ወደ ቁጥር ከመለወጡ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ መጠቃለል፣ የከተሞቹ ሁለት ስሞችም በአንድ መዝገብ መያያዝ አለባቸው። ሠረቀና ሰረቀ ይምታታሉ ብሎ የሚቃወም ይኖራል፤ እውነት አለው። ነገር ግን የሚጠቃለለው የፍለጋው ቁልፍ እንጂ ጽሑፉ አይደለም፤ ፈላጊም ባዶ እጁን ከሚመለስ አንድ ትርፍ ውጤት ቢያይ ይሻለዋል።

ቴሌግራምና ጉግል እያሉ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚልም አይጠፋም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተዘግቶ ሳምንታት ቆይቷል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ በዋይፋይ የተያያዘ ኔትወርክ ግን የውጭ መስመር ሳይጠብቅ ይሠራል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ሰው የሚፈልገው ፋይል በየስልኩ ስለሚባዛ አይጠፋም፤ ብርቅ የሆነው ግን ባለቤቱ ስልኩን ሲያጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል የራሱ ያልሆኑ ጥቂት ፋይሎችንም እንዲያስቀምጥ ማድረግ ግድ ነው። ሐሰተኛ መረጃም ይሰራጫል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ቀመሩ ከስሙ ሌላ በፋይሉ በራሱ ላይ ሲሰላ ፋይሉ እንዳልተነካካ ቢያረጋግጥም ይዘቱ እውነት መሆኑን አይመሰክርም፤ ያንን መምህራን አይተው ሊያጸድቁት ይገባል። የፊደል ማጠቃለያው ፕሮግራም ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአንድ የመመረቂያ ሥራ የሚያልፍ አይደለም፤ ይጀምሩት፣ ለየትምህርት ቤቱም በነፃ ያድሉት።