አንድ ብርጌድ ከመስፈሩ በፊት

ጀርመን ብርጌድ 45ን በሊትዌኒያ በቋሚነት ልታሰፍር ስትወስን የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው ታንኮቹ ላይ ነው። በወታደራዊ ተቋማት ዕቅድ ላይ የምንሠራ ሰዎች ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ 4,800 ያህል ወታደሮች የት ያድራሉ? የትስ ተኩስ ይለማመዳሉ?

ከባዱ ሁለተኛው ነው። የታንክ ጥይት ዒላማውን መትቶ እዚያው አይቀርም፤ ነጥሮ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ካርታው ላይ ከተኩስ መስመሩ ተነስቶ እየሰፋ የሚሄድ የአደጋ ቀጠና ይሰመራል። በቀጠናው ውስጥ መኖሪያ ቤት ወይም የሕዝብ መንገድ ካለ፣ መሬቱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢመስል ለዚያ መሣሪያ አይሆንም።

የብርጌዱ ዋና ሰፈር የሚሆነው ሩድኒንካይ ከቪልኒየስ በስተደቡብ፣ ለቤላሩስ ድንበር ቅርብ ነው። በሶቪየት ዘመን የአየር ኃይል የቦምብ መለማመጃ ስለነበረ፣ መሬቱን ከመቆፈር በፊት ያልፈነዳ ተተኳሽ ማጽዳት ግድ ነው።

ሊዮፓርድ 2 ታንክ ደግሞ ሲታጠቅ፣ በአዳዲሶቹ ሞዴሎቹ ከ60 ቶን በላይ ይመዝናል። ድልድዩ፣ አስፋልቱ፣ የባቡር ማራገፊያው ሁሉ በዚህ ክብደት ይፈተሻል። ከልምምድ ሲመለስ ሰንሰለቱ ጭቃ ጠቅጥቆ ይመጣል፤ ማጠቢያና የፍሳሽ ማጣሪያ ካልታሰበለት ከጭቃው ጋር የሚታጠበው ዘይት ወንዝ ይገባል።

የቤተሰብን ጉዳይ «በኋላ እንደርስበታለን» ማለት ትልቅ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ልጆቹን የሚያስተምርበት ያጣ ወታደር ለዓመታት አይቆይም። ብርጌዱ እ.ኤ.አ. በ2027 ሙሉ ዝግጁ እንዲሆን ሲታቀድ፣ በቪልኒየስና በካውናስ ትምህርት ቤትና መዋዕለ ሕፃናትም አብረው ታስበዋል።