የቅርጫት ኳስ ሰዓት፦ አንድ ጨዋታ፣ ልዩ ልዩ ርዝመት



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መልሱ ግን «የሚጫወተው ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ አይገኝም።

ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ለፈጠረው ጨዋታ የደነገገው ሁለት የ15 ደቂቃ አጋማሾችን ነበር። ዛሬ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአመዛኙ አራት የ8 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች፣ በድምሩ 32 ደቂቃ ይጫወታሉ። በኮሌጅ ወንዶች ሁለት የ20 ደቂቃ አጋማሾችን፣ ሴቶች ደግሞ አራት የ10 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎችን ይጫወታሉ፤ ድምሩ ለሁለቱም 40 ነው። አገራችን አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ 40ውን ደቂቃ በአራት ከፍሎታል። ኤንቢኤ ግን አራት የ12 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች፣ ማለትም 48 ደቂቃ አለው። ውጤቱ እኩል ሲሆን የሚጨመረው ሰዓት 5 ደቂቃ ነው፤ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ግን 4።

ልዩነቱ ከምን መጣ? የኤንቢኤው ምክንያት በከፊል ገበያ ነው። ሊጉ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲመሠረት ባለቤቶቹ ትኬት የቆረጠ ተመልካች ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ምሽት ይጠብቃል ብለው በማመናቸው ጨዋታውን አራዘሙት። ለታዳጊዎች ማጠሩ ደግሞ፣ በእኔ አረዳድ፣ በማደግ ላይ ላለ አካል የሚመጥን ነው።

ርዝመቱ ሲለወጥ ሌላውም ሕግ አብሮ ይለወጣል። በኤንቢኤ ተጫዋች በ6ኛው ጥፋት ከሜዳ ይሰናበታል፤ በፊባ በ5ኛው። 48ን ለ6፣ 40ን ለ5 ብናካፍል መልሱ በሁለቱም 8 ነው። ይህም ማለት ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ አንድ ጥፋት ይደርሳል። በ32 ደቂቃው ጨዋታም የጥፋቱ ወሰን 5 ስለሆነ፣ ድርሻው በ6.4 ደቂቃ አንድ ይሆናል፤ ታዳጊው በአንጻሩ ሰፋ ያለ ዕድል አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልግባ። ሁለት ወጣቶችን እናስብ፤ አንዱ በ32 ደቂቃ ጨዋታ 16 ነጥብ፣ ሌላው በ40 ደቂቃ ጨዋታ 18 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሁለቱም ከሜዳ አልወጡም። የውጤት ወረቀት ብቻ የሚያይ መልማይ ሁለተኛውን ይመርጣል። ወደ 40 ደቂቃ ስንመልሰው ግን የመጀመሪያው 20 ነጥብ ይሆናል። በችኮላ የተነበበ አኃዝ የአንድን ልጅ የትምህርት ዕድል ሊዘጋ ይችላል።

ይህም ስሌት ቢሆን ሙሉ ፍርድ አይሰጥም። የተጋጣሚው ጥንካሬና የጨዋታው ፍጥነት ይለያያሉ፤ በኤንቢኤና በፊባ አንድ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር ሲኖርበት፣ በአሜሪካ ኮሌጆች 30 ሰከንድ ይፈቀድለታል። በእኩል ደቂቃ የሚገኘው የመወርወር ዕድል እኩል አይደለም።

ስለዚህ አሠልጣኞችና መምህራን የምትሆኑ ሁሉ፣ የነጥቡን ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት «በስንት ደቂቃ? በየትኛው ደረጃ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሚዛኑን ሳያውቁ ክብደት መናገር አይቻልምና።