ቼቲያር፦ ማዕረግ የነበረው እንዴት ስም ሆነ?

በሥራ ቦታችን፣ በሆስፒታል ወይም በልጆቻችን ትምህርት ቤት ስማቸው «ቼቲ»፣ «ቼቲያር» ወይም «ሼቲ» በሚል የሚያልቅ ሕንዶች ያላጋጠሙት ሰው ጥቂት ነው። የሕንድ ፊልም የሚወድም ሺልፓ ሼቲን ሳያውቃት አይቀርም። ብዙዎቻችን ይህን ስናይ «የአንድ ጎሣ ልጆች ናቸው» ብለን እንገምታለን። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

ቃሉ የመጣው «ሽሬሽቲን» ከሚለው የጥንት ሳንስክሪት ነው። ትርጉሙም የተከበረ፣ በተለይም የነጋዴዎች ማኅበር አለቃ ማለት ነው። እኛ «ነጋድራስ» የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ቃሉ በታሚሎች አገር «ቼቲ»፣ በካርናታካ ደግሞ «ሼቲ» ሆነ። «ቼቲያር» ሲባል መጨረሻው ላይ ያለችው «አር» የአክብሮት ናት፤ እኛ ትልቅ ሰው «አንቱ» እንደምንለው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ነጋድራስ የሹመት ስም ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የተባሉት ስለተሾሙ እንጂ ከአባታቸው ስለወረሱት አልነበረም። በደቡብ ሕንድ ግን ማዕረጉ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ሰው በትውልዱ ብቻ የሚመደብበት «ካስት» የሚባለው ሥርዓት መጠሪያ ሆነ። ያውም የአንድ ካስት ብቻ አይደለም።

በስሙ የታወቁት ከካራይኩዲ ከተማ አካባቢ የተነሡት ናጋራታሮች ናቸው። እነዚህ ገንዘብ በማበደር ሥራ እስከ ሲሎን፣ በርማና ማላያ ተሠራጭተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ከመካከላቸው አንዱ፣ ቺዳምባራም ቼቲያር፣ ኢንዲያን ኦቨርሲስ ባንክን ሲያቋቁሙ፣ ባንኩ በካራይኩዲ፣ በማድራስና በበርማዋ ራንጉን በአንድ ጊዜ ሥራ ጀመረ።

ይሁን እንጂ በበርማ የሩዝ ዋጋ በ1930ዎቹ ሲወድቅ፣ ገበሬው ዕዳውን መክፈል አቅቶት መሬቱን ለአበዳሪዎቹ አስረከበ። በ1930 በዋና ዋናዎቹ የሩዝ አውራጃዎች ከመሬቱ 6 በመቶ ገደማ የነበረው የቼቲያሮች ድርሻ፣ በ1938 ወደ 25 በመቶ ደረሰ። የአክብሮት ስም የነበረው ቃል በበርማ ገበሬ አፍ የምሬት ቃል ሆነ። በ1942 ጃፓን ስትገባ ብዙዎቹ ሸሹ፤ ከነጻነት በኋላም መሬቱ ተወረሰ።

አሁን ደግሞ ሌሎቹን እንይ። ሸማኔዎቹ ዴቫንጋዎች «ቼቲያር» ይባላሉ። ዘይት ጨማቂዎቹ ቫኒያዎችም እንዲሁ። ቴሉጉ ተናጋሪዎቹ ነጋዴዎች ኮማቲዎችም «ቼቲ» ይላሉ። በማንጋሎር በኩል ያሉት ቡንቶች ግን ከጥንት ጀምሮ ባለመሬቶች ሲሆኑ፣ «ሼቲ» መባላቸው ነጋዴ አያሰኛቸውም። ሺልፓ ሼቲም ከእነዚሁ ናት። በአገራችን ሸማኔና ቀጥቃጭ እንዴት ይናቅ እንደነበር ለምናውቅ ሰዎች፣ ባለእጁ የሚያስከብር ማዕረግ ከስሙ ጋር ቢያስር አይገርመንም።

ሆኖም ማዕረጉን መጋራት ዝምድና አይሆንም። ናጋራታር በልማዱ የሚያገባው ከናጋራታር እንጂ ከሸማኔው ቼቲያር አይደለም። በመካከላቸውም በዘጠኝ ቤተ መቅደሶች የተከፈሉ ስለሆኑ፣ የአንድ ቤተ መቅደስ ልጆች እንደ ወንድምና እህት ይቆጠራሉ፤ አይጋቡም። እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው ነው።

ለስደተኛ የሚጠቅመው ታሪክ ደግሞ ከባሕር ማዶ ያለው ነው። በደቡብ አፍሪካ «ቼቲ» ከ1860 ጀምሮ በሸንኮራ እርሻ በኮንትራት ለመሥራት በሄዱ ሰዎች ልጆች ዘንድ የተለመደ የቤተሰብ ስም ነው። በማሌዢያዋ ማላካ ከተማም «ቺቲ» የሚባሉ ከጥንት ታሚል ነጋዴዎች የተወለዱ ሰዎች አሉ። የሚናገሩት ማላይኛ ነው፤ የአያቶቻቸው ታሚልኛ ጠፍቷል። ስሙና የሂንዱ ሃይማኖታቸው ግን ቀርቷል።

በአገር ቤት በተቃራኒው ማዕረጉን የጣሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1929 በቼንጋልፓቱ የተሰበሰበው የራስ አክብሮት ንቅናቄ፣ ሰዎች የካስት መጠሪያቸውን ከስማቸው እንዲያወጡ ወሰነ። መሪው ራማሳሚም የራሳቸውን «ናይከር» የሚል መጠሪያ ጣሉ። ዛሬ በታሚል ናዱ ብዙ ሰው የሚጽፈው የራሱን ስምና የአባቱን ስም መነሻ ፊደል ብቻ ነው። የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ፒ. ቺዳምባራም ናጋራታር ናቸው፤ «ፒ» ግን ፓላኒአፓን የሚባሉት አባታቸው ናቸው እንጂ «ቼቲያር» የሚል የለበትም። የእኛው ሥርዓት ማለት ነው። እንደ እኛም የውጭ አገር ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቃቸው ይቸገራሉ።

እንግዲህ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የማላካ ሰዎችም ምስክር ናቸው። ነገር ግን አንድ ስም የባንክ ባለቤቱንም፣ ሸማኔውንም፣ የሸንኮራ ሠራተኛውንም ልጅ እኩል ሊያለብስ ይችላል። ስለዚህ በሥራ ቦታችን «ቼቲ» የሚባል ሰው ሲያጋጥመን፣ በስሙ ብቻ ሀብታም ነው፣ አራጣ አበዳሪ ነው፣ የዚህ ዘር ነው ብለን አንፍረድ። አገሩንና ቤተሰቡን እንጠይቀው። እኛም ከየትኛው ወገን እንደሆንን ከስማችን ብቻ ሲገመትብን ምን እንደሚሰማን እናውቀዋለን። ቸር ይግጠመን።