ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን ማጥናት ከየት እንጀምር?

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ዓለም ባንክ አካባቢ የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። ከባድ ቃላት በብዛት የሚያጋጥሙትም ከቋንቋው ክፍለ ጊዜ ይልቅ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

የትኞቹን ያስቀድም? ኒውዚላንድ ውስጥ ያጠኑት የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ካሏቸው የሥነ ሰብእና የማኅበራዊ ጥናት፣ የንግድ፣ የሕግና የሳይንስ ጽሑፎች በየመስኩ የሚደጋገሙትን ለቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የ570 የቃል ቤተሰቦችን ዝርዝር አሳተሙ። ቤተሰቦቹ ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ አንድ አሥረኛውን ያህል ይሸፍናሉ። ግሡ «አናላይዝ»፣ ስሙ «አናሊሲስ»፣ ቅጽሉ «አናሊቲካል» የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና አብረው ይጠኑ።

ለፍቺው አምሳሉ አክሊሉና ጂ. ፒ. ሞስባክ ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ዛሬም ትልቅ ባለውለታችን ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ ይዞ መሄድ ያሳስታል፤ «ኢንተረስት» በተራ ንግግር ፍላጎት፣ በኢኮኖሚክስ ግን ወለድ ነው። ትክክለኛውን ፍቺ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው፣ ያጠናነው ነገር በፍጥነት ይረሳል፤ በየጊዜው ሲከለስ ግን ይጸናል። ስለዚህ ፈተና ሲደርስ መቶ ቃል በአንድ ሌሊት ከመሸምደድ ይልቅ፣ ዛሬ ከባዮሎጂ መጽሐፋችሁ አምስት ቃላት ከነዓረፍተ ነገራቸው ጻፉ፤ ነገና በሳምንቱም ደብተሩን ሸፍናችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።