ባልና ሚስት ከተፋቱ በኋላ ስለ ቀለብ

ሰው ትዳሩ በታወከ ጊዜ ከዳኛ አስቀድሞ የሚጠራው የሰፈሩን ሽማግሌና የትምህርት ቤቱን መምህር ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ሕጉ ስለ ቀለብ የሚለውን ያወቁ እንደ ሆነ ብዙ ጥፋት ይከለክላሉ፤ ሳያውቁ የመከሩ እንደ ሆነ ግን በጎ ሊሠሩ አስበው ደካማውን ይጎዳሉ።

ቀለብ ማለት እህል ብቻ አይደለም። ልብስንም መኖሪያንም ሕክምናንም፥ ለልጅ ሲሆን ትምህርትንም ይጨምራል። መጠኑም በሁለት ሚዛን ይመዘናል፤ ይኸውም በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ነው።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ነገር የሚቈርጡት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ቁጥር 213፥ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ የሽማግሌም ሥራ ማስታረቅ ሆነ። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። የአማራ ክልል ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷልና በክልል ያለ ሰው የክልሉን ሕግ ይጠይቅ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እንግለጽ። በአንዳንድ የውጭ አገሮች ዳኛ አንዱ የቀድሞውን የትዳር ጓደኛ ከፍቺ በኋላ ለዓመታት እንዲቀልብ ያዝዛል። በእኛ ሕግ ግን ባልና ሚስት የመረዳዳት ግዴታቸው ከጋብቻው ጋር ያበቃል። በዚህ ፈንታ ሕጉ አራት ነገሮችን ሰጥቷል።

1ኛ፤ የፍቺ ጥያቄ በቀረበ ጊዜ ነገሩ እስኪቈረጥ ድረስ ባልና ሚስቱ ስለሚቀለቡበት፥ ልጆቹም ስለሚጠበቁበት፥ ንብረቱም ስለሚተዳደርበት ፍርድ ቤቱ ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል።

2ኛ፤ ሌላ ውል ከሌለ የጋራ ንብረት እኩል ይከፈላል።

3ኛ፤ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ጥፋት የአንዱ ሲሆን፥ ፍትሕም የሚያስገድድ ሲሆን፥ ዳኛው ለተጎዳው ካሣ ሊያስከፍል ይችላል።

4ኛ፤ የልጆች ቀለብ ከፍቺ በኋላም ይቀጥላል።

በምሳሌ እናስረዳ። በአዲስ አበባ ምሥራቅ፥ በላምበረት መናኸሪያ አጠገብ፥ ባል በታክሲ ሚስት እንጀራ በመሸጥ ይኖራሉ እንበል። ታክሲው በጋብቻቸው ዘመን ተገዝቶ ሊብሬው በባል ስም ወጥቷል። ሲፋቱ ሽማግሌዎች፥ «መኪናው ለእርሱ ይሁን፤ እርሱም በየወሩ ይቀልባት» ብለው ይጨርሳሉ። ጥቂት ወራት ሰጥቶ ባቋረጠ ጊዜ ሴቲቱ ወደ ማን ትጮኻለች? በቃል የተሰጠ ተስፋ ነው፤ የቀድሞ ሚስትን ቅለብ የሚል ሕግም የለም። ድርሻዋን ግን አስቀድማ ለቃለች።

የቀናው መንገድ ይህ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው። እንግዲህ የመኪናው ዋጋ እኩሌታ የእርስዋ ነውና ይህን ሳትቀበል በተስፋ አትሰናበት። በፈቃዳቸው ተፋተው ባል ሊረዳት ቢስማማ፥ ስምምነቱ ተጽፎ ፍርድ ቤት ያጽድቀው። በገጠርም በመኪናው ፈንታ በሬውን፥ ላሚቱን፥ የጎተራውን እህል ማሰብ ነው። ሕጉም ለወንድ ለሴት ሳይለይ ይሠራል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ባልና ሚስት በፍቺ ጊዜም እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራልና።

የልጅ ቀለብ ግን እንደ ድንጋይ የተተከለ አይደለም። ዳኛው የወላጆችን ገቢ፥ ዕድሜና ጤና፥ የልጁንም ጥቅም አይቶ ይወስናል። ኋላ ልጁ ቢታመም፥ ኑሮ ቢወደድ፥ አባት ሥራ ቢያጣ ወይም ቢበለጽግ፥ ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን አባት ደመወዜ ቀነሰ ብሎ በገዛ እጁ አይቀንስ፤ እናትም ውዝፉን ዝም ብላ አታከማች፤ ሳይውል ሳያድር ትጠይቅ።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፥ ማስታረቅ ክቡር ሥራ ነው። ዕርቅ ሳይሆን ቀርቶ መለያየት ከመጣ ግን፥ «ማን ይቀልባት?» ከማለት በፊት «ድርሻዋ ምንድር ነው? የልጆቹስ ቀለብ በመዝገብ ሰፍሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ድርሻዋን የያዘች ሴት የሰው እጅ ሳታይ ትኖራለች፤ ቀለቡ በፍርድ የተቈረጠለት ልጅም ከትምህርት ቤት አይቀርም።