ከእንዶድ ውሃ እስከ አራተኛ ክፍል

እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው ዶ/ር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ዓድዋ ነበሩ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ ከፍ ብሎ ግን ሕያው ናቸው። ከላይኛው ወራጅ ሕያዋኑን ወስደው በዕቃ አስቀመጡና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን ውሃ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ይህ ሙከራ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚገባው ነው። ማስተዋል አለበት፣ ጥያቄ አለበት፣ ከላይኛው ወንዝ የመጡ ጤነኛ ቀንድ አውጣዎች አሉበት። እኛ ግን ለልጆቻችን የምናስተላልፈው ብዙ ጊዜ መልሱን ብቻ ነው፤ ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የበሽታ ስም፣ ከዚያ ፈተና። እንዶድ እንደሚያጥብ እኮ እናቶቻችን ከዶክተሩ በፊት ያውቁ ነበር። አዲሱ ነገር ጥያቄው ነበር፤ ክፍል መግባት ያለበትም እሱ ነው።

ከጥያቄው በኋላ የዩኒቨርሲቲ ምርምር መጣ። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለው። የሳፖኒን ሞለኪውል አንዱ ወገን ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት። እድፍን ከልብስ የሚያላቅቀው በዚህ ጠባዩ ነው፤ የሕዋስ ሽፋንም በአብዛኛው ቅባት ነክ ስለሆነ ሽፋኑን ያፈርሰዋል። ቀንድ አውጣ ገዳዩ ሳፖኒን በዶክተሩ ስም ለማቶክሲን ተብሏል። ደስ የሚለው ግን ሌላው ግኝት ነው። ባልተነካ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ያን ያህል ጉልበት የለውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ከሞለኪውሉ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ መርዝነቱ የሚበረታው ያኔ ነው። ሙቀጫና ውሃ የኬሚስትሪ ሥራ ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ዶ/ር አክሊሉ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዓድዋ ለአምስት ዓመት በእንዶድ በተደረገው የመስክ ሙከራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እሳቸውና ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ይህ ሁሉ እንዴት ክፍል ይገባል? ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። እኩል ቁጥር ያላቸው ደረቅ ፍሬዎች ተወስደው ግማሹ እንዳለ ወደ አንዱ፣ ግማሹ በመምህሩ ተወቅጦ ወደ ሌላው ይገባል። ውሃው እኩል፣ መነቅነቁም እኩል ይሁን። ልጆቹ የአረፋውን ቁመት በማስመሪያ ይለካሉ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካሉ። ወዲያው ክርክር ይነሳል፤ የአንዱ ጠርሙስ ውሃ ቢሞቅስ? ፍሬው አድሮ ቢዘፈዘፍስ? መምህሩ እዚህ ላይ መልስ ለመስጠት ካልቸኮለ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ሳይሸፋፈን ይነገራቸው፤ አረፋ መብዛቱ ሳፖኒን መውጣቱን ያሳያል እንጂ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉን አያረጋግጥም። ያ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሌላ ሙከራም ይፈልጋል።

ልጆች ይህን አይችሉም የሚል ካለ የብላካውተንን ታሪክ ይስማ። በእንግሊዝ ዴቨን አውራጃ በዚህች መንደር የሚማሩ ከ8 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 25 ልጆች ከነርቭ ሳይንቲስቱ ቦ ሎቶ ጋር ሆነው፣ ባምብልቢ የተባሉት ጠጉራም ንቦች ጣፋጩን አበባ ለመለየት የቀለማቱን አሰላለፍ ይጠቀሙ እንደሆነ ፈተኑ። ጥያቄውን ያወጡት ልጆቹ፣ ሥዕሎቹን በባለ ቀለም እርሳስ የሣሉትም እነሱ ናቸው። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2010 ባዮሎጂ ሌተርስ በተባለው የምርምር መጽሔት ታተመ።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ቢልሃርዚያ ደቡብ ሱዳንንም ያጠቃል፤ የዚያች አገር ከተማ ጁባም በነጭ ዓባይ ዳር የተቆረቆረች ናት። ኮሎሎ በተባለው የጁባ ሰፈር ላለ ልጅ የወንዙ ውሃ ጉዳይ ከማንኛውም የመጽሐፍ ምዕራፍ ይቀርበዋል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ወደ ክፍል ለማምጣት ዩኒቨርሲቲዎች ሊረዱ ይችላሉ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው። ይህ ግዴታ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ጉብኝትና በፎቶ ያልቃል። ከዚያ ይልቅ እያንዳንዱ ተመራማሪ ውጤቱን ሲያሳትም፣ ጥያቄውን፣ በሰፈር የሚገኝ መሣሪያንና አደጋውን የያዘ ሁለት ገጽ ለአንደኛ ደረጃ መምህር ቢጽፍ ይሻላል።

ሙከራውን ለምታሠሩ መምህራን ጥቂት ማሳሰቢያ። ቀንድ አውጣ ከወንዝ አታስለቅሙ፤ የቢልሃርዚያ እጭ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንዶድ መርዝ ነውና ማንም አይቅመሰው፣ ዱቄቱም ዓይን እንዳይነካ። ዓሣ ስለሚገድል የተረፈውን ውሃ ከወንዝና ከኩሬ ርቃችሁ ጉድጓድ ውስጥ ድፉት።