ቤቱ የገዢው፣ መሬቱ የባለአደራው፦ የ99 ዓመቱ ሊዝ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ቤት ገዝተው፣ ቁልፍ ተረክበው፣ ቤቱ የቆመበትን መሬት ግን ያልገዙ ሰዎች አሉ። ግድግዳው፣ ጣሪያውና ቤዝመንቱ የእነሱ ነው፤ ሞርጌጁም በስማቸው ነው። መሬቱ የአንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሲሆን ለእነሱ በ99 ዓመት ሊዝ ተሰጥቷቸዋል። እንዲህ ያለው ድርጅት ኮሚዩኒቲ ላንድ ትረስት ይባላል፤ መሬትን ለማኅበረሰቡ በአደራ የሚይዝ ነው። በሴንት ፖል እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ሮንዶ፣ በሚኒያፖሊስ ደግሞ በ2002 የተቋቋመው ሲቲ ኦፍ ሌክስ በዚህ ሥራ ይታወቃሉ።

ስለነዚህ ቤቶች የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚጠይቀው «99 ዓመቱ ሲያልቅስ?» ብሎ ነው። ስጋቱ ከታሪካችን የመጣ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአንድ ጊዜ የመንግሥት አድርጓል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የሊዝ አዋጆችም መሬት በጊዜ ገደብ የሚያዝ ነገር መሆኑን አስለምደውናል። የሚኒሶታው ሊዝ ግን የተነሳበት ዓላማም፣ የሚታደስበት መንገድም ሌላ ነው።

መነሻው ጆርጂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ደቡብ ለመምረጥ የተመዘገቡ ጥቁር ገበሬዎች ከሚያርሱት የሰው መሬት ይባረሩ ነበር። ቻርልስና ሸርሊ ሼሮድ የተባሉ ባልና ሚስት ከሌሎች የመብት ታጋዮች ጋር ሆነው በ1969 ኒው ኮሚዩኒቲስ የተባለ ድርጅት መሠረቱ፤ በአልባኒ ከተማ አቅራቢያም ወደ 5,700 ኤከር የሚጠጋ መሬት ተገዛ። ውጥኑ መሬቱ የጋራ ሆኖ እንዲቆይ፣ ቤተሰቦች ደግሞ በረጅም ሊዝ ይዘው እንዲኖሩበት ነበር። ድርቅና ዕዳ ተደራርበው በ1985 መሬቱ ከእጃቸው ወጣ። ሐሳቡ ግን ወደ ከተሞች ተሻግሮ የቤት ዋጋ መወደድን መቋቋሚያ ሆነ።

ሴንት ፖል ለዚህ ሐሳብ የራሷ ምክንያት ነበራት። ዛሬ በሁለቱ ከተሞች መካከል የምንመላለስበት አይ-94 አውራ ጎዳና ከ1956 እስከ 1968 ሲሠራ ሮንዶ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር መሃል ለመሃል ሰንጥቆት አለፈ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ፤ ሱቆችም ተዘጉ። በ2015 የከተማዋ ከንቲባ ክሪስ ኮልማን ለደረሰው ጉዳት በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። የሴንት ፖሉ ላንድ ትረስት የዚያን ሰፈር ስም የያዘ ነው፤ ዓላማውም ነዋሪው ሰፈሩ ሲወደድ ተገፍቶ እንዳይወጣ ነው።

አሠራሩን በቁጥር ማየቱ ይቀላል። በሲቲ ኦፍ ሌክስ አንዱ መንገድ ገቢው በተወሰነው ጣሪያ ሥር የሆነ ገዢ ከገበያ ላይ ቤት እንዲመርጥና ትረስቱ የዋጋውን ከፊል እንዲሸፍን ነው። ለምሳሌ ቤቱ 300,000 ዶላር ቢገመትና ትረስቱ 75,000 ቢጨምር፣ ገዢው የሚከፍለው 225,000 ነው። ትረስቱ ባወጣው ገንዘብ መሬቱን ይይዛል፤ ገዢው ለመሬቱ በየወሩ አነስተኛ የሊዝ ክፍያ ይከፍላል። የንብረት ግብርና የጥገና ወጪም የባለቤቱ ነው። ሚኒሶታ በላንድ ትረስት ሥር ላሉ ቤቶች ዝቅ ያለ የግብር ምድብ ያወጣችው ባለቤቱ ሙሉ ዋጋውን በማይወስድበት ቤት በሙሉ ዋጋ ግብር መክፈሉ ከባድ ስለሆነ ነው።

ልዩነቱ በሽያጭ ቀን ይገለጣል። ከዓመታት በኋላ ቤቱ 360,000 ቢገመት ጭማሪው 60,000 ነው። በሲቲ ኦፍ ሌክስ ቀመር ሻጩ ከጭማሪው 25 በመቶ፣ ማለትም 15,000 ዶላር ያገኛል። ከሞርጌጁ ዋና ገንዘብ ከፍሎ የቀነሰውም የራሱ ነው። ቤቱ ለቀጣዩ ገዢ በ240,000 ይሸጣል። ተመሳሳይ ገቢ ያለው ሌላ ቤተሰብ 360,000 የሚያወጣ ቤት ያለ ተጨማሪ ድጎማ በ240,000 ይገዛል ማለት ነው። አንድ ጊዜ የገባው ገንዘብ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ይሠራል።

አሁን ወደ 99 ዓመቱ እንመለስ። ላንድ ትረስቶች የሚከተሉት የተለመደው የውል አብነት ባለቤቱ ሊዙን ለሌላ 99 ዓመት የማደስ መብት ይሰጠዋል። ጊዜው ሊያበቃ ከአንድ ዓመት እስከ ስድስት ወር ሲቀረው ትረስቱ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የባለቤቱን መብት በእጅጉ የሚጎዳ ለውጥም ማስገባት አይችልም። ይህ አንቀጽ ግን ሥራ ላይ የሚውልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ በተሸጠ ቁጥር አዲሱ ገዢ ከትረስቱ ጋር የራሱን አዲስ የ99 ዓመት ውል ይፈርማል። ከፊተኛው ባለቤት ዘመን የተረፈውን አይወርስም።

እንግሊዝ አገር በሊዝ የተያዘ አፓርታማ ከዚህ የተለየ ዕጣ አለው። እዚያ ውሉ ከሻጭ ወደ ገዢ ሲተላለፍ ዓመታቱ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት ሲያንስ ማራዘሚያው ይወደዳል፣ ባንክም ማበደር ያመነታል። በአገራችን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ 99 ዓመት ፈቅዶ፣ ማደስ የሚፈልግ ባለይዞታ ዘመኑ ሊያበቃ ከ10 እስከ 2 ዓመት ሲቀረው በጽሑፍ እንዲያመለክት ደንግጓል፤ እድሳቱም በወቅቱ የመሬት መነሻ ዋጋ ላይ ይመሠረታል። የላንድ ትረስቱ ሊዝ የተጻፈው መሬቱን ለትርፍ ከሚደረግ ግብይት ለማውጣት ስለሆነ እድሳቱ መሬቱን በአዲስ ዋጋ መልሶ መሸጫ አይደለም።

ስለዚህ ከፊርማ በፊት በትኩረት መነበብ ያለባቸው ሌሎቹ አንቀጾች ናቸው። የመጀመሪያው የሽያጭ ቀመሩ ነው፤ ቤቱን አስፋፍቶ ወይም ኩሽናውን አድሶ ያወጡት ገንዘብ እንዴት እንደሚታሰብ በግልጽ ይጠየቅ። ሁለተኛው ውርስ ነው። በውሉ አብነት የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና በቤቱ ቢያንስ አንድ ዓመት የኖረ የቤተሰብ አባል ውሉን መረከብ ይችላሉ፤ ሌላ ወራሽ ግን የገቢውን መስፈርት ካላሟላ ቤቱን መሸጥ ሊኖርበት ይችላል። አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት ቤት ማውረስ የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሦስተኛው አኗኗር ነው፤ ባለቤቱ ራሱ እንዲኖርበት ይጠበቃል፤ አከራይቶ ረጅም ጊዜ አገር ቤት መክረም ወይም ያለ ትረስቱ ፈቃድ ሪፋይናንስ ማድረግ አይቻልም።

ቤት ገዝቶ በጥቂት ዓመት ውስጥ አትርፎ ለመሸጥ ለሚያስብ ይህ መንገድ አይሆንም፤ ሦስት አራተኛውን ጭማሪ ትቶ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቹን ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እያዘዋወረ በኪራይ ጭማሪ ለሚንገላታ ቤተሰብ ግን የሚያስገኘው ጥቅም ትልቅ ነው፦ የማይንር ወርሃዊ ክፍያ፣ አከራይ የማያስለቅቀው ጣሪያ፣ በስሙ የሚጠራቀም ጥሪት። የሚከፈለው ዋጋም የታወቀ ነው፤ ዛሬ እሱን ያስገባው እገዛ ነገ ሌላውን እንዲያስገባ ትርፉን መካፈል። ይህን አውቆና አምኖበት የሚፈርም ሰው አይጸጸትም ብዬ አምናለሁ። የሊዙን ውል ግን በክሎዚንግ ዕለት ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ተቀብሎ፣ ካስፈለገም በአስተርጓሚ፣ የራሱ ጠበቃ ባለበት አንቀጽ በአንቀጽ ያንብበው።